ረዳቱም ደጋግሞ ይጠራል

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይዛ የምትሳፈር እናት ሒሳቧን አንዴ ትከፍላለች፤ ምክር ግን እስክትወርድ ድረስ በነፃ ይታደላታል። ሒሳቡ መልስ አለው፣ ምክሩ የለውም። ዛሬ ይህ ዓምድ የምክሩን መልስ ሊሰጥ ተነሥቷል። ዝርዝር ያላችሁ ተዘጋጁ።

«ማዘር፣ ልጁን ዝም አስብይው እንጂ!»

ረዳቱ ከተራው ጀምሮ «አየር ጤና! አየር ጤና! አየር ጤና!» ሲል ማን ዝም አስባለው? አንድ ቃል ደጋግሞ መናገር ሕመም ከሆነ ምርመራው ከረዳቱ ይጀመር። ልጁ የሰማውን ቃል የሚመላልሰው ባለጌ ሆኖ አይደለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ቋንቋ የሚይዙትም፣ ሲጨንቃቸው ራሳቸውን የሚያረጋጉትም እንዲያ ነው። ረዳቱ ሲደጋግም ተሳፋሪ ያገኛል፣ ልጁ ሲደጋግም ግልምጫ።

«ዱዳ ነው እንዴ?»

አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ተራ አጥቶ ነው።

«ቡዳ በልቶት ይሆናል።»

ቡዳውንስ ተዉት፤ ይሄ ልጅ ራሱ ከነጭ ሩዝ ሌላ አልበላም ብሎ እናቱን ስላስለቀሳት ነገር አንድ ዘዴ ካላችሁ ንገሯት።

«ስልክ ሰጥታው ነው እንዲህ የሆነው።»

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም አሜሪካ፣ ባልቲሞር ላይ 11 ልጆችን ተከታትሎ ስለ ኦቲዝም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ስልኩ ይቅርና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ሥራ የጀመረው ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። እነዚያ 11 ልጆች ቲክቶክ የት አግኝተው?

«ክትባት ነው አሉ።»

አሉ! እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት 12 ልጆችን ይዞ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያዛመደ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘ፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት ከሙያው መዝገብ ተፋቀ። ሐኪሙ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ወሬኛው ግን እስከ ዛሬ በፈቃዱ ይሠራል።

«እናትየዋ ፍቅር ነፍጋው ነው።»

ይቺ እንኳ የሰፈራችን የኮልፌ ፈጠራ አይደለችም፤ ከፈረንጅ የመጣች ሰልባጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተማሩ ሰዎች እናቶቹን «ማቀዝቀዣ» ብለው ሰድበዋቸው ነበር፤ ፍቅራቸው ስለቀዘቀዘ ልጁ ዝም አለ ለማለት። በኋላ የመጣው ምርምር ሐሰት መሆኑን አሳይቶ ጣለው፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚያወሩት ስለ ዘርና ስለ አንጎል ዕድገት ነው። ደግሞ እናት ማቀዝቀዣ ብትሆን ኖሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጁ በተሻለው ነበር። በዚህ ሒሳብ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር ሳይሻለው የቀረ አንድም ልጅ ባልኖረ።

«አባቱስ የት ሄደ?»

ካገኛችሁት ንገሩን፤ እኛም እየፈለግነው ነው። (ያልሸሹትን አባቶች እግዜር ያክብርልኝ፤ ልጃቸውን እሹሩሩ ብለው ሲወጡ ግን መንደሩ «ጎበዝ አባት» ይላል፣ እናቲቱ ስትወጣ «ምን ብታደርግ ነው?»)

«ጸበል ወስዳዋለች?»

ወስዳዋለች። ጎረቤቷም ለልጇ በቁርኣን ሩቅያ አስደርጋለች። እዚህ ላይ አፌን እሰበስባለሁ፤ እናት ጉልበት የምታገኝበትን ቦታ አልነካም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰይጣኑ ከልጁ እንዲወጣ አብሮ የጸለየው ጎረቤት፣ ልጁ ግቢ ውስጥ ሊጫወት ብቅ ሲል የራሱን ልጆች ጠርቶ በሩን ይቀረቅራል። ታዲያ ሰይጣኑ ከበሩ በየትኛው በኩል ነው ያለው?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ልጆቻቸውን ወደ ሁለት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ልጆቹ የኦቲዝምና ሌላ የዕድገት እክል ያለባቸው ናቸው። ከአሳዳጊዎቹ 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እናፍራለን አሉ፤ ከአራት አንድ ያህሉ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንጥራለን አሉ። ያፈሩት ተቆጠሩ። ያሳፈሯቸው አልተቆጠሩም፤ ቢቆጠሩ ወረቀቱም አይበቃ።

ኮልፌ ደግሞ ማሳፈርና ማግለል ምን እንደሆነ ከየትኛውም ሰፈር በላይ ማወቅ ነበረበት። ዘነበወርቅ እዚሁ ነው። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከየአገሩ መንደሩ አባርሮት፣ እዚህ የነበረውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተጠግቶ ጎጆ ቀልሶ ቀረ፤ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ሰፈሩ ቀድሞ ሰፈር ሆኖ ጠበቀው። ያኔም እርግማን ነው ተባለ፤ የአባት ኃጢአት ነው ተባለ፤ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ መጥቶ ታማሚዎቹ የታዘዘላቸውን ወስደው ጨረሱ፤ ሐሜተኛው ግን ገና የራሱን አልጀመረም። እነሱ ግን እስኪታዘንላቸው አልጠበቁም፤ በማኅበር ተደራጅተው ስለ መብታቸው ራሳቸው ተናገሩ። የዘነበወርቅ ጎረቤት ሆኖ ሰው ማግለል፣ ፈተናውን አንዴ ወድቆ ያንኑ መልስ እንደገና መጻፍ ነው።

«ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ቦታ የለንም» የሚሉ ርዕሰ መምህር ደግሞ አሉ፤ በየሰፈሩ፣ በትሕትና። ጌታዬ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዛል። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጢሙ ሊያቆጠቁጥ ነው፤ የእርስዎ ቦታ ገና እየተፈለገ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ የመለሱት መልስ ከእኔ ተረብ ሁሉ ይበልጣል፤ ራሳቸው ከፈቱ። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ባለቤት የነበሩት ሴት እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ልጃቸውን ሳይደብቁ በአደባባይ ተናገሩ፤ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ብዙ ቤት መጀመሪያ የሰማው ከእሳቸው አፍ ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ሥራ ነው። የመንግሥት ዕቅድ እስኪወለድ እናቶቹ ማዕከል ወለዱ። ግን ሁለት ሦስት ማዕከል ለዚህ ሁሉ ከተማ አይዳረስም፤ ከካራ ቆሬ ልጅ ይዞ በየቀኑ ከተማ ማቋረጥም የታክሲውን ምክር እጥፍ አድርጎ መሸከም ነው።

«እኛ ታዲያ ምን እናድርግ?»

ይሄ ተረብ የሚገባው ጥያቄ አይደለም። እድራችሁ ወንበር አለው፣ ድንኳን አለው፣ አዳራሽ ያለውም አለ፤ ሰው ካልሞተ ብዙውን ቀን ተቆልፎ ይውላል። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሰውን በቁሙ መርዳት ጀምረው ስለነበር አዲስ ነገር አልተጠየቃችሁም። የእነዚህ ቤተሰቦች ጥያቄ ትንሽ ነው፤ በሳምንት አንድ ጠዋት የሚገናኙበት ክፍል፣ እናት ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና እኛም አገር ተሞክሯል፤ ለመስጠት ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። ወረዳ የሚሄዱትም አብረው ይሂዱ። አንዲት እናት ስትሄድ «ነገ ተመለሽ» ትባላለች፤ ሃያ ሆነው ሲሄዱ ወንበር ይፈለግላቸዋል።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ እየደረሰ ነው። ዳኛው መጨረሻ ላይ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ እጃችሁን አውጡና የአዳራሹን ቁልፍ ጠይቁ።