የማውስ ክንድ

በማውስ ሁለት ጠቅታዎች መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ ፕሮግራም በፓይተን ሲጻፍ ከዐሥር መስመር ብዙም አያልፍም። ባዶ መስኮት ይከፍታል፣ ጠቅ የተደረገበትን ቦታ ይመዘግባል፣ አዲሱ ጠቅታ ከቀድሞው ምን ያህል እንደራቀ አስልቶ ይናገራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። እንጅባራ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የተሰለፈ ተማሪ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ወረፋው ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ጣጣው የሚመጣው ከኋላው የቆመው ሰው አንገቱን አስግጎ «ስንት ሆነ?» ያለ እንደሆነ ነው።

ማውስ ራሱ ርቀት አያውቅም። ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ ሁለት ጎማ የተገጠመለት የእንጨት ሣጥን ነበር። አንደኛው ጎማ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የተኬደውን ይቆጥራል፤ በሰያፍ የሄደ እጅ ሁለቱንም ያሽከረክራል። ዛሬ ጎማው ቀርቶ በብርሃን ተተክቷል፤ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው ግን አሁንም ሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ የአግድም፣ አንዱ የቁልቁል። መለኪያው ፒክስል፣ ማለትም ስክሪኑ የተሠራበት ነጠብጣብ ነው።

ከሁለቱ ቁጥሮች ርቀቱን የሚያወጣው ፓይታጎረስ ነው። የመጀመሪያው ጠቅታ 100 እና 100፣ ሁለተኛው 400 እና 500 ላይ ቢያርፍ ልዩነቱ በአግድም 300፣ በቁልቁል 400 ይሆናል። እያንዳንዱ በራሱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ የድምሩ ስኩዌር ሩት ሲወጣ 500 ይመጣል። በሲባጎ 3፣ 4 እና 5 ሜትር እየለካ የቤት መሠረት ማዕዘን የሚያስይዝ ግንበኛ ይህን ስሌት ስሙን ሳይጠራ ሲሠራበት ኖሯል።

ጀማሪን የሚያደናግረው ሌላ ነው። ስክሪን ቆጠራውን የሚጀምረው ከላይ ከግራ ጥግ ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። በባዶው መስኮት ካርታ ተከፍቶ ሲታይ ዳንግላ በስተ ሰሜን ስላለች ከእንጅባራ በላይ ትቀመጣለች፤ ስለዚህ የቁልቁል ቁጥሯ ያነሰ ነው። በመሬቱ ደግሞ እንጅባራ ከዳንግላ 400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሰው እንግዲህ በእግሩ ይወርዳል፣ በካርታው ይወጣል፣ በቁጥሩ ይቀንሳል። ደግነቱ ልዩነቱ በራሱ ሲባዛ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙም ዳገትና ቁልቁለቱን ሳይጠይቅ ያልፋል።

የመጀመሪያው ጠቅታ የራሱ ችግር አለው፤ ከእርሱ በፊት የተደረገ ጠቅታ የለም። መስመር ለመቆጠብ የፈለገ ጸሐፊ መነሻውን ዜሮ እና ዜሮ ብሎ ይተወዋል። ያን ጊዜ ተጠቃሚው ገና አንድ ጊዜ ጠቅ እንዳደረገ ፕሮግራሙ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ርቀት ይነግረዋል፤ ቆሞ ከነበረበት ተራ ጀምሮ እንደሚያስከፍል ባጃጅ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ አንዲት «ካለ» የምትል ቅድመ ሁኔታ ናት፤ ያለፈ ጠቅታ ካለ ለካ፣ ከሌለ ዝም በል።

አሁን ለ«ስንት ሆነ?» መልሱ 500 ፒክስል ነው። 500 ፒክስል ስንት ነው? ቀድሞ ገበያ ላይ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ብልህ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይወጣ ነበር፤ ሻጩም አጭር ክንድ ያለውን ልጅ አያጣም። ፒክስልም እንዲሁ ነው። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ 15.6 ኢንች የሆነ፣ 1366 በ768 ላፕቶፕ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 40 ያህል ፒክስል ይይዛል፤ 500ው 12.6 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል። ያው መጠን ኖሮት 1920 በ1080 በሆነው ላይ ግን 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አንድ፣ መልሱም አንድ ቁጥር፤ ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ሁለት ጣት ስፋት ያህል በጎደለ ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ክንዱን መማር አለበት። ካርታ ላይ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት ቦታዎች ጠቅ ይደረጋሉ፣ ኪሎ ሜትሩ ይነገረዋል፣ ከዚያ በኋላ በንጽጽር ይሄዳል። እንጅባራና ዳንግላ ለዚህ ይመቻሉ። እንጅባራ በ10 ዲግሪ ከ57 ደቂቃ ሰሜን፣ ዳንግላ በ11 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ሰሜን ግድም ናቸው፤ የ19 ደቂቃ ልዩነት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምሥራቅ መለኪያው በ6 ደቂቃ ይለያያሉ፤ ይህ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፓይታጎረስ እንደገና ይጠራና 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል።

ይህ ግን የአሞራ መንገድ ነው። ሚኒባሱ በአዲስ ቅዳም በኩል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ረዳቱም ሒሳብ የሚሰበስበው በአስፋልቱ ልክ ነው። መንገዱን ለመለካት በየመታጠፊያው ጠቅ እያደረጉ ርቀቶቹን መደመር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል፤ ጠቅታው በበዛ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ ቀድሞ የተዘለለችው ትንሽ መታጠፊያ ሁሉ ድርሻዋን ትጠይቃለችና። በዚህ ረገድ የገጠሩ መለኪያ ተቃራኒ ነው። መንገድ የተጠየቀ አዛውንት በአገጫቸው ማዶውን እያሳዩ «እዚችው ናት እኮ ልጄ» ይላሉ፤ በአንዲት ጠቅታ የሁለት ሰዓት ጉዞ ያልቃል።

በሁለት ጠቅታዎች መካከል የሆነውን ፕሮግራሙ አያይም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሱን አሸልሞ ሜዳውን ሲያካልል የዋለ ጋላቢ መጨረሻ ላይ ከተነሣበት ቦታ ይወርዳል። ሲነሣ አንድ፣ ሲወርድ አንድ ጠቅታ ቢደረግለት ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ይህን ፊት ለፊት የሚነግረው ደፋር ግን አይገኝም። ለጋላቢው የሚገባው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ጠቅታን ሳይጠብቅ የማውሱን እያንዳንዷን ንቅናቄ የሚደምር። ለዚያም የመንገዱን ርቀቶች በሚደምረው ፕሮግራም ላይ ከአንዲት ቃል በቀር የሚለወጥ የለም፤ «ሲጫን» የሚለው ትዕዛዝ «ሲንቀሳቀስ» በሚል ይተካል።

ውጤቱ ሲታተም ፓይተን ከነጥብ በኋላ ዐሥራ ምናምን አኃዝ ይደረድራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በግምት ያደረገውን ጠቅታ እስከ ትሪሊዮንኛ ማውረድ ድፍረት ነውና ወደ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ይበቃል። ልኬቱ በፋይል ካልተጻፈ ደግሞ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ይዞት ይጠፋል።

ሥራው ሲያልቅ መስኮቱ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን የመዝጊያ ምልክት ጠቅ በማድረግ ይዘጋል። ያቺ ምልክት ከመለኪያው ሜዳ ውጭ ስለሆነች የመጨረሻዋ ጠቅታ አትለካም።