ሐተታ ዘቸኮሌት ወጣረሞት፦ በሃሎዊን ስለሚጋገሩ አስፈሪ ጣፋጮች አሠራር፣ አጊያጌጥና ማንነት የቀረበ እጅግ ጥልቅ ምርምር

መቅድም

ሊቃውንት ስለ ሞት ብዙ ጽፈዋል። ስለ ስኳርም ጥቂት አልጻፉም። ሁለቱ በአንድ ትሪ ላይ ተገናኝተው ሲቀርቡላቸው ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ሰደዱ፤ ጥናቱም ሳይጻፍ ተበላ። ይህን ጉድለት የሚሞላ ከእኛ የተሻለ ሰው ቢገኝ ኖሮ ዝም ባልን ነበር። አልተገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሃሎዊን በዓል የሚውልበት ኦክቶበር 31 ሲቃረብ፣ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል እንኳ ያልተጠበሰበት ማድ ቤት ሁሉ ድንገት የመቃብር ቦታ ይሆናል። ከብራውኒ የመቃብር ድንጋይ ይቆረጣል፣ ከብስኩት ሸረሪት ይበጃል፣ ነጭ ቸኮሌት እንደ መግነዝ የተጠቀለለበት ሬሳ ሁለት የስኳር ዓይን ተለጥፎለት በሳህን ይቀርባል። ልጆች ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ ጭንቅላቱን ገምጠው ይሄዳሉ። "ለመሆኑ ይህ ሁሉ አስፈሪ ነገር ተሠርቶ የፈራው ማን ነው?" ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማንም።

እኛ ጠይቀናል። መልሱን ለችኩል አንባቢ እዚሁ እንሰጣለን፦ የሚፈራው ጋጋሪው ነው። ለታጋሹ ደግሞ ማስረጃውን እናቀርባለን፤ በአንድ መስመር የሚያልቀውን ነገር ማስረዘም የሊቅ ግብር ነውና።

አንቀጽ አንድ፦ ስለ አመጣጡ፣ በችኮላ

የበዓሉን ሥር ባጭሩ እንለፈው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም እንጀራ አላቸው። ጥንት በአየርላንድና በስኮትላንድ መኸር ተሰብስቦ ጨለማው ወራት ሲገባ የሚከበር በዓል ነበር። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ኖቬምበር 1ን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ አድርጋ በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ስታጸናው፣ ዋዜማው ኦክቶበር 31 ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ አየርላንድን ሲያስርብ ስደተኞቹ ልማዱን ይዘው አትላንቲክን ተሻገሩ፤ በአገራቸው ከሥራ ሥር ይቀርጹት የነበረውንም ፋኖስ በአሜሪካ ዱባ ተኩት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቸኮሌት የለበትም። ቸኮሌት ዘግይቶ መጥቶ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ የሠርግ እንግዳ ነው። የሚበላ ጠጣር ቸኮሌት እንግሊዝ ውስጥ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1847 ሲሆን፣ ሮዶልፍ ሊንት በርን ከተማ ላይ በ1879 ለረጅም ሰዓት አሽቶ የሚያልመውን ማሽን እስኪያመጣ ድረስ ነገሩ አሸዋማ ነበር፤ ያኔ የመቃብር አፈር ለመምሰል ጌጥ አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው። ቸኮሌት የገባበት ብራውኒ በቦስተኗ ፋኒ ፋርመር የምግብ መጽሐፍ የታተመው በ1906 ነው። ከ1942 እስከ 1947 አሜሪካ ውስጥ ስኳር በራሽን ሆነ፤ ራሽኑ ሲነሳ ልጆች በየደጁ ዞረው ጣፋጭ መጠየቃቸው በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። ታሪክ ይብቃን።

አንቀጽ ሁለት፦ ስለ ተቀባዩ

ጣፋጩ የሚጋገረው ለማን ነው? በር አንኳኩቶ "ወይ ጣፋጭ ወይ ተንኮል" ለሚለው የማያውቁት ልጅ አይደለም። ለእርሱ የሚሰጠው ፋብሪካ አሽጎ የላከው ቁራጭ ቸኮሌት ነው፤ ቤት የተጋገረ ነገር ቢሰጠው ወላጆቹ ይጥሉበታል። የማያውቁት ሰው መርዝ ወይም ምላጭ ከትቶበት ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ጆኤል ቤስት የተባሉ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ያሉትን የጋዜጣ ዘገባዎች ለአሥርት ዓመታት አገላብጠው፣ ባዕድ ሰው በየደጁ ለሚዞሩ ልጆች ባደለው ጣፋጭ የተነሳ ልጅ ስለመሞቱ የተረጋገጠ ጉዳይ አላገኙም። ወላጆች ግን ዛሬም ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ይመረምራሉ።

የነገሩን ጠማማነት ተመልከቱ። ደስ የሚል መጠቅለያ የለበሰው ለባዕድ ይታደላል፤ ደምና ጥርስ፣ ትልና አጽም ያለበት የቤት ሥራ ለራስ ልጅ፣ ለዘመድና ለመሥሪያ ቤት ባልደረባ ይቀርባል። አስፈሪው የሚሰጠው ለማይፈሩት ብቻ ነው ማለት ነው። በላተኞቹን ከፍርሃት ነጻ ካወጣን ዘንድ፣ ፍርሃቱን እምድጃው አጠገብ መፈለግ ግድ ይለናል።

አንቀጽ ሦስት፦ ስለ ዱባ

ዱባ ቸኮሌት አይደለም። ወደሚቀጥለው አንቀጽ እንለፍ።

አንቀጽ አራት፦ ስለ ጥቁረት

የካካዎ ዱቄት በተፈጥሮው ቡናማ ነው፤ ቡናማ ደግሞ ማንንም አስፈርቶ አያውቅም። መላውን ያመጡት ሆላንዳውያን ናቸው። የቫን ሆውተን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1828 ከካካዎ ላይ ቅቤውን ጨምቆ የሚያወጣ መጭመቂያ በስሙ አስመዘገበ፤ ዱቄቱንም በአልካሊ ማከም ጀመረ። አልካሊው የካካዎውን ኮምጣጣነት ያበርዳል፣ ቀለሙንም ያጠቁራል። ይህ ሕክምና እስከ መጨረሻው ሲገፋ ጥቁር ካካዎ የሚባለው ይገኛል።

ጥቁረት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጥቁር ካካዎ ቅባቱ ያነሰ፣ የቸኮሌት ጣዕሙም የሳሳ ነው፤ ኬኩን ሙሉ በሙሉ በእርሱ የሠራ ሰው መልኩ ሌሊት፣ ጣዕሙ የከሰል ወንድም የሆነ ነገር ይወጣለታል። አስተዋዮች ጥቂቱን ብቻ ከተራው ካካዎ ጋር ይቀላቅላሉ። ደግሞም አሲዱ ስለጠፋ ሊጡን ሶዳ ብቻውን አያነሳውም፤ ቤኪንግ ፓውደር ይሻል። ይህን ሳያውቅ የገባ ጋጋሪ የመቃብር ድንጋይ የሚመስል ኬክ ሊሠራ አስቦ ድንጋዩን ራሱን ያወጣል።

አንቀጽ አምስት፦ ስለ እውነተኛው ጣረሞት

እነሆ ወደ ምርምራችን ምሰሶ ደረስን። አንባቢ ቀና ብሎ ይቀመጥ።

የቸኮሌት ነፍሱ የካካዎ ቅቤ ነው። ይህ ቅቤ ደግሞ ሲረጋ አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ ስድስት መልክ አለው። ዊልና ላተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ስድስቱን የክሪስታል አሰላለፍ ለይተው ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። አንደኛው በ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ አምስተኛው እስከ 34 ገደማ ይታገሣል። ሰው ሁሉ የሚፈልገው አምስተኛውን ነው፦ የሚያብረቀርቀውን፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን፣ ጣት ላይ ጸንቶ አፍ ውስጥ የሚሟሟውን። ታናናሾቹ ልፍስፍስ፣ ደብዛዛና ቃላቸውን የማይጠብቁ ናቸው።

አምስተኛውን መጥሪያ ሥርዓት አለ፤ ጥብቅነቱም ከየትኛውም ድግምት አያንስም። ጥቁሩን ቸኮሌት እስከ 45 ወይም 50 ዲግሪ አቅልጦ የቀድሞውን አሰላለፍ ሁሉ ማፍረስ፤ እያማሰሉ እስከ 27 ወይም 28 ማብረድ፤ ከዚያ ወደ 31 ወይም 32 መልሶ ማሞቅ። ይህ የመጨረሻው ሙቀት አራተኛውንና ከእርሱ በታች ያሉትን አቅልጦ አምስተኛውን ብቻ ያስቀራል። የወተቱና ነጩ ቸኮሌት ከዚህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ዝቅ ይላሉ። መሃል ላይ ስልክ ያነሳ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምር።

ሥርዓቱ የፈረሰበት ጋጋሪ ምን ያያል? ማታ ጥቁርና አንጸባራቂ አድርጎ የተዋት የሌሊት ወፍ፣ ገና ሣልስቷ ሳይወጣ ግራጫ ለብሳ ያገኛታል። ማንም አልነካትም፤ ማንም አልቀባትም። ቅቤው ራሱ ውስጥ ለውስጥ አሰላለፉን እየቀየረ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ቸኮሌቱን ፍሪጅ ውስጥ ከትቶ ሲያወጣው ያላበው ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ግራጫ ያገኛል፤ ይሄኛው ቀልጦ እንደገና የደረቀ ስኳር ነው። እንግዲህ በግልጽ እንናገር፦ በሃሎዊን ትሪ ላይ ከሚደረደሩት ጣረሞቶች ሁሉ ሳይጠራ የሚመጣው፣ ገርጥቶ በሌሊት የሚወጣውና የቤቱን ባለቤት በእርግጥ የሚያስደነግጠው ይህ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ጌጥ ናቸው።

መብላቱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ክብርን ነው። አንዳንዶች "ሆን ብዬ ነው፣ የመቃብር ሻጋታ እንዲመስል" ይላሉ። ይህን እንደ ሳይንስ አንቀበለውም፤ እንደ ዘዴ ግን ባርኔጣችንን አንስተናል።

ከዚህ የሚያንስ፣ ሆኖም ቀላል የማይባል ሁለተኛ ፍርሃት አለ፤ እርሱም የውሃ ጠብታ ነው። ስለ አቀላለጥ ሁለት ወገኖች አሉ። ሳህኑን በሚፈላ ውሃ ላይ የሚጥዱትን ድስታውያን፣ በማሽን የሚያሞቁትን ማይክሮዌቫውያን ብለናቸዋል። ድስታውያን ማይክሮዌቭ ያሳርራል ይላሉ፤ ማይክሮዌቫውያን እንፋሎት ያበላሻል ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣ ስለዚህም አይታረቁም። ከእንፋሎቱ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ስኳሩ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሐር ይመስል የነበረው ቸኮሌት ወዲያው የደረቀ ሊጥ ይሆናል። ነጭ ቸኮሌትን አረንጓዴ ጭራቅ ሊያደርግ በውሃ የተሠራ ቀለም የጨመረም ያው ይገጥመዋል፤ በዘይት የተሠራው ቀለም ለዚህ ተፈጥሯል። የሚገርመው ግን፣ ጥቂት ውሃ የገደለውን ብዙ ውሃ ያስነሳዋል፦ ትኩስ ክሬም ወይም ሙቅ ውሃ እየጨመሩ ሲያማስሉት እንደገና ይለሰልሳል። ቅርጽ መያዙ ግን ቀረ። የአጽም እጅ ሊሆን የታጨው ኬክ ላይ የሚፈስ መረቅ ሆኖ ዕድሜውን ይጨርሳል።

አንቀጽ ስድስት፦ ስለ ሸረሪትና ስለ ድሯ

የድሩ አሣሣል ቀላል ይመስላል። ኬኩ ላይ የፈሰሰው ቸኮሌት ሳይረጋ፣ በዱቄት ስኳር የተሠራ ነጭ ማስጌጫ ከከረጢት እየተጨመቀ ክብ በክብ ውስጥ ይሣላል፤ ከዚያ በስቲኪኒ ከመሃል ወደ ዳር ይሳባል። ጥቂት የዘገየ ሰው ስቲኪኒው ድር መሥራቱን ትቶ ይቧጭርበታል።

እኛን ያስቆጣን ግን ሌላ ነው። ክብ ድር የምትሠራ ሸረሪት አስቀድማ የምትዘረጋው ከመሃል ወደ ዳር የሚወጡትን ክሮች ነው፤ ዙሪያውን የምትፈትለው ከዚያ በኋላ ነው። ጋጋሪው ዙሪያውን አስቀድሞ ክሮቹን ያስከትላል። የሥራው ቅደም ተከተል ከነአካቴው ተገልብጧል፤ ለዚህም እስካሁን ይቅርታ የጠየቀ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በስኳር ድር አይሠራም። የስኳር ድር ቢያብር ዝንብ ይሰበስባል፤ እርሱም ከድር የሚጠበቅ ስለሆነ ነጥብ እንሰጠዋለን።

የሸረሪቷ አካል ክሬም ያለበት ጥቁር ብስኩት ነው፤ ከክሬሙ ግራና ቀኝ አራት አራት የከረሜላ እግር ይሰካል። እግሯን የሚያጎድል የለም፤ ሰባት እግር ያላት ሸረሪት በልጆች ችሎት አታልፍም። ዓይኗን ግን ሁሉም ያጎድላል። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዓይን ሲኖራቸው የብስኩቷ ሁለት ብቻ አላት። ስለምን ሁለት አደረጓት ቢሉ፣ የሚበላት ሰው ዓይን ለዓይን ተያይቶ እንዲሰናበታት። አንድም፣ የስኳር ዓይን በጥቅል ቢሸጥም ስምንት ስምንት እያሉ ሲለጥፉት ቶሎ ስለሚያልቅ። አንድም፣ ስምንት ዓይን የምር ያስፈራል፣ የምር የሚያስፈራውን ደግሞ ማንም ስለማይበላው። ሦስተኛው ይበልጣል፤ ከመቅድማችንም ጋር ይስማማል።

አንቀጽ ሰባት፦ ስለ ጾመኛው ጣረሞት

በዓሉን ማክበር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለነፍስ አባቶች ትተናል፤ እኛ የምንዳኘው ስኳሩን ነው። አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ግን ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ ይህም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው የጽጌ ጾም ውስጥ ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደሆነው ቀኑ ዓርብ ሲሆን ግን የፈቃድ ነገር አበቃ።

እዚህ ላይ ረቂቅ የሆኑ ችግሮች ይነሳሉ። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ጾም ነው። የተፈጨው ጥቁር ብስኩት፣ ማለትም የመቃብሩ አፈር፣ ቅቤና ወተት ካልገባበት እርሱም ጾም ነው። በአፈሩ ላይ የሚሳቡት የከረሜላ ትሎች ግን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ጄላቲን የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አፈሩ ጾም፣ ትሉ ፍስክ የሆነበት መቃብር በእጃችን ቀረ። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ ላይ ምን እንዳሉ ለማየት ሞከርን፤ ዝም ብለዋል።

ይባስ ብሎ ነጩ ጣረሞት፣ ከብራውኒው ላይ ቆሞ ሁለት የቸኮሌት ነጥብ ዓይን የሚደረግለት፣ በስኳር ከተመታ የእንቁላል ነጭ ነው የሚሠራው። መፍትሔው ከሽምብራ መጣ። ፈረንሳዊው ዦኤል ሮሴል እ.ኤ.አ. በ2014 የተቀቀለ ጥራጥሬ ውሃ ሲመታ አረፋ እንደሚያወጣ ደረሰበት፤ አሜሪካዊው ጉስ ዎልት ደግሞ በዓመቱ የሽምብራው ውሃና ስኳር ብቻቸውን እንደሚበቁ አሳየ። ውሃው ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ከስኳር ጋር ይመታል፣ በከረጢት ተጨምቆ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ይቆማል፣ 100 ዲግሪ በማይሞላ ኦቭን ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይደርቃል። ከሽምብራ ዱቄት ክንፉና ጅራቱ ያልጎደለ ዓሣ ሠርቶ ወጥ ውስጥ የሚከት ማድ ቤት፣ ከዚያው ሽምብራ ጣረሞት ለማውጣት ፈረንሳዊ መጠበቁ ብቻ ነው የሚያሳዝነው። ውሃውን ስንደፋው ኖረናል።

አንቀጽ ስምንት፦ ስለ ቀጣዩ ምርምር

ኖቬምበር 1 ጠዋት የአሜሪካ ሱቆች የተረፈውን የሃሎዊን ቸኮሌት በቅናሽ ይደረድራሉ። ሳይንስ ሰፊ ናሙና ይጠይቃልና የዚህ ሐተታ ጸሐፊ በዚያ ሰዓት ቅርጫት ይዞ ይገኛል፤ ስግብግብነት የሚመስላቸው ሰዎች የምርምር ዘዴን ያላጠኑ ናቸው። ከናሙናዎቹ መካከል ግራጫ ለብሶ የተገኘ ካለ ተጨማሪ ቅናሽ እንጠይቃለን፤ ሻጩ ምክንያቱን ከጠየቀን ደግሞ አንቀጽ አምስትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመን እናነብለታለን።