መብራት የሚሄደው እኔ ሳሸንፍ ነው

እንግዲህ በ71 ዓመቴ አንድ ድምፁ እንኳ ገና ያልጎረነነ ጩጬ ሰደበኝ። ጆሮዬ ላይ በደፋሁት ማዳመጫ ነው የሰደበኝ፤ ማለትም ስድቡ በመንገድ አልባከነም፣ ቀጥታ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የገባው። እዚህ አገር ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ዋሽንግተን ውስጥ የሰው መኪና ሳቆም፣ ከዚያም ታክሲ ስነዳ ስንቱን ሰካራም፣ ስንቱን ሒሳብ ሳይከፍል የሚሮጥ ችያለሁ። እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ጥፋቴ ምን ነበር? መነጽሬን ሳላደርግ ተቀምጬ ኳሷን ለራሱ አጥቂ አቀበልኩለት። ማመስገን ሲገባው!

«ልጄ፣ እናትህ የት ናት?» ብዬ በአማርኛ መለስኩለት። ጭጭ አለ። አማርኛው ገብቶት አይደለም፤ የእናት ስም ሲነሳ ዜማው በሁሉም ቋንቋ አንድ ሳይሆን አይቀርም።

«አንተ ደግሞ ጌም ምን ያደርግልሃል?» የሚለኝ ብዙ ነው፤ ባለቤቴ ከፊት ትሰለፋለች። እኩዮቼ ቡና ቤት ተሰብስበው መንግሥት ሲያወርዱና ሲሾሙ ይውላሉ፤ እነሱን ማንም አይጠይቃቸውም። እኔ ቢያንስ ስሸነፍ ውጤቱን በቁጥር አውቀዋለሁ። ደግሞ በሽታው የተጋባብኝ ከቤተሰብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለገና አገር ቤት ስገባ ለእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 2 በሻንጣ ይዤለት ሄድኩ። ያኔ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ በቆርኪና በብይ የሚጫወት፣ ሳንቲም ሲያገኝ ጆተኒ ላይ የሚንጠለጠል። ዶሮ ማነቂያ ያለው የእህቴ ቤት ዘመድና ጎረቤት ሞልቶበታል። ካርቶኑን እንደ ታቦት አክብሬ አወጣሁትና ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። የማሽኑ ሆድ ላይ 120 ቮልት ተብሎ ተጽፏል፤ የአዲስ አበባ መብራት 220 ነው። አንዲት «ጢስ» የምትል ድምፅ ተሰማች፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እህቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ልጁ አላለቀሰም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ። እስከዛሬ ያ አስተያየቱ ትዝ ሲለኝ አንዳንዴ ሆን ብዬ ጎል አስገባለታለሁ። ሌላውን ጎል የሚያስገባብኝ በራሱ ችሎታ ነው።

የፒያሳ ጠጋኝ የመብራቱን ክፍል ቀየረለትና ትራንስፎርመር ገዛን። አሁንስ? አሁንማ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ መጣ። የአሜሪካው ማሽን ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ይናገራል፤ የእህቴ ቴሌቪዥን ደግሞ የሚገባው ፓል ብቻ ነው። አርሰናል ከቼልሲ ሲጫወት ሃያ ሁለቱም ሰዎች አመድ ለብሰው ይሮጡ ነበር፤ ልጁ ተቃራኒ ቡድኑን የሚለየው በሩጫው አቅጣጫ ነው። መርካቶ ሄደን ዲስክ ስንገዛ ደግሞ ማሽኑ ዲስኩን ዋጥ አድርጎ ጥቂት ካሰበ በኋላ ተፋው። ዲስክም እንደ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ እንዳለው፣ የአሜሪካ ማሽን የሌላውን አህጉር ዲስክ እንደማያስተናግድ ያን ቀን ተማርኩ። መጨረሻ ላይ ያው ጠጋኝ ሆዱን ቀዶ ቺፕ አስገባለት፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ይበላ ጀመር። እኔ ወረቀቴ እስኪስተካከል ያየሁትን አበሳ ሳስታውስ በዚያ ቺፕ ክፉኛ እቀናለሁ።

ዛሬ ልጁ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ስልክለት ሆዱን ገልብጬ በማጉያ መነጽር አንብቤ ነው፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ተመስገን። ግን እሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ቨርጂኒያ ሆነን ለመጋጠም መለያ መክፈት ያስፈልጋል፤ መለያ ሲከፈት አገር ምረጥ ይላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ወረድ ብለን ፈለግናት፣ ወጣ ብለን ፈለግናት፣ የለችም! የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ እያልን የምንፎክርባት አገር ለኳስ ጨዋታ ስሟ ጠፋ። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእኔን የቤት አድራሻ ሞልቶ አሜሪካዊ ሆነ። ዲቪ ሳይሞላ፣ ኤምባሲ ሳይሰለፍ፣ አሻራ ሳይሰጥ፣ በሁለት ደቂቃ! እኔ ሱዳን ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ነው የጠበቅሁት።

አሜሪካዊ ሲሆኑ ደግሞ መክፈል ያለ ነው። በኦንላይን ለመጋጠም ወርኃዊ ክፍያ አለው፤ የሚከፈለውም አሜሪካ በተገዛ ካርድ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ሰፈሬ ካለው መድኃኒት ቤት የስጦታ ካርድ እገዛና ከጀርባው ፍቄ ቁጥሩን በስልክ አነብለታለሁ። አንድ ቀን የደም ግፊት መድኃኒቴንና የ50 ዶላር ካርድ ይዤ ስሰለፍ ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ካርዱን አየች። ሐበሻ ናት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከመንግሥት ነኝ፣ ታክስ አለብዎት ብሎ የደወለልዎ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም ልጄ። ለእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው።»

«ቁጥሩን በስልክ አንብብልኝ ብሎዎታል?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ ነው የማነብለት።»

«ሁልጊዜ!» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለምንድነው የሚፈልገው?»

«ኳስ ተጫዋች ሊገዛበት ነው።»

እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ኃላፊዋን ጠራች። በሩ ላይ በስጦታ ካርድ ስለሚታለሉ አዛውንቶች የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ በጣቷ እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ልጁ በእኔ አድራሻ አሜሪካዊ ሆኖ እንደተመዘገበ ሳስረዳት ደግሞ ጉዳዩ ባሰ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያየኝ ነበር። ካርዱን ሳልገዛ ወጣሁ። ለልጅቷ ግን እግዜር ይስጣት፤ እዚህ አገር ስኖር ገንዘቤን እንዳላወጣ የለመነኝ ነጋዴ እሷ ብቻ ናት።

ስለ ሰዓቱስ ላውራ? መጀመሪያ ጊዜ «ቅዳሜ ማታ አምስት ሰዓት» ተባባልን። እኔ በቨርጂኒያ አምስት ሰዓት ሌሊት ቡናዬን ጠጥቼ ተቀመጥኩ፤ እሱ በአዲስ አበባ አምስት ሰዓት ጠብቆ ጠብቆ ተኝቷል። ሁለታችንም ተቀያየምን። ፈረንጁ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሰዓቱን አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይጎትታል፤ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት እንለያያለን። ዛሬ ደንቡ ተቆርጧል፦ ለእኔ ቅዳሜ ሌሊት፣ ለእሱ እሑድ ንጋት።

ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ አዝራሩን እጫናለሁ፣ ተጫዋቼ ቆም ብሎ ያስባል። አልፈርድበትም። ትእዛዜ ከቨርጂኒያ ተነስቶ፣ አትላንቲክን ጠልቆ፣ ባሕር ያቋረጠ ሁሉ እንደሚደክመው ደክሞት ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው። ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። 2 ለ 0 ስመራ፣ ሰባ ደቂቃ ላይ፣ ድንገት ግንኙነቱ ይቋረጣል። በማግስቱ «ጋሼ፣ መብራት ሄዶ ነው» ይለኛል። ይሁን። መብራት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እኔም በሻማ ያደግሁ ነኝ። ግን ልጁ እየመራ ሳለ መብራት የሄደበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የአገር ቡድን ነገር ነው። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ውስጥ የሞሮኮ ቡድን አለ፣ የጋና አለ። የኛ የለም። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል ሰፈሩ ሁሉ ሆ ብሎ ወጥቷል። ስለዚህ ራሴ ክለብ አቋቋምኩ። ማልያውን አረንጓዴ፣ ቁምጣውን ቢጫ፣ ካልሲውን ቀይ አደረግሁ። የዚያን ቡድን መንግሥቱ ወርቁን ዘጠኝ ቁጥር ሰጠሁት። የጨዋታው እንግሊዛዊ አስተላላፊ ግን ስሙን መጥራት አይሆንለትም፤ «ዘጠኝ ቁጥሩ» እያለ ያልፈዋል። ለአንድ ቀን ታገስኩ፣ ለሁለት ታገስኩ፣ በሦስተኛው ድምፁን ዘጋሁትና ራሴ ማስተላለፍ ጀመርኩ። በ1980 ዓ.ም. ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትተን የሴካፋን ዋንጫ ያነሳን ዕለት ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፈውን ጨዋታ ሰው በካሴት ቀድቶ ልኮልኝ፣ ታክሲዬ ውስጥ ቴፑ እስኪበላው ነው የሰማሁት። የሱን ያህል ባልሆንም ከዚያ እንግሊዛዊ እሻላለሁ። ጎረቤታችን ግድግዳውን በጡጫ ሲደበድብ እንደ ጭብጨባ እቆጥረዋለሁ።

እዚህ ያለው የልጅ ልጄ ደግሞ ኳስ አይወድም። እሱ ኮምፒውተር ላይ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የሚባል የጦርነት ጨዋታ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያውያንን ጨምረውበታል፤ ሾተል የያዘ ወታደር አለን። አንድ ቀን ሳሎን ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ ከክፍሉ አማርኛ ሰማሁ። እንግዳ የመጣ መስሎኝ ነጠላዬን አደራርቤ ገባሁ። የኮምፒውተሩ ገበሬዎች ናቸው! ልጁ በመዳፊቱ ነካ ሲያደርጋቸው በአማርኛ ይመልሳሉ፣ እንጨት ቁረጡ ሲላቸው ይሮጣሉ። እኔ «ውኃ አቀብለኝ» ስለው በእንግሊዝኛ «አንድ ደቂቃ» የሚለኝ ልጅ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ያስተዳድራል። ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሳይከራከር ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ማንን ነው የምታዋጋው?» አልኩት። «ዮዲትን» አለኝ። ዮዲት ጉዲትን! አክሱምን ልትይዝ እየገሰገሰች፣ የእኔ የልጅ ልጅ ስንቅ ያቀብላታል! አያቴ ቄስ ነበሩ፤ አጥንታቸው ይወቅሰኛል። ስለ ዮዲት የማውቀውን ነገርኩት፤ ጨዋታውን አቁሞ ሰማኝ። ከዚያ ወደ አንዱ ገበሬ እያመለከተ «አባባ፣ ይሄ ምንድነው ያለው?» አለኝ፤ በተሰባበረ አማርኛ። ተረጎምኩለት። ሌላውን ነካ። ተረጎምኩለት። እንዲህ ስንል እራት ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ልትቆጣ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አክሱምን ያዝን፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ቅዳሜ ሌሊት ወንበሬ ላይ የሚያስቀምጠኝ ኳሱ አይደለም። የእህቴ ልጅ ማይኩን ሲከፍተው ከድምፁ በፊት ሰፈሩ ይገባ ነበር። የአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ከሩቅ፣ የብረት በር ሲጢጥ ሲል፣ እህቴ «በባዶ ሆድህ ልትጮህ ነው?» ስትለው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ከመታነቅ የተረፈ አንድ አውራ ዶሮም ነበረ፤ ጎል ሊገባብኝ ሲል ይጮሃል። ሊረፍድ ሲል ቆራሌው ይመጣል። እኔ ኳሷን እየለቀቅሁ እነሱን እሰማለሁ፤ ልጁ ደካማ ተከላካይ ነኝ ብሎ ያስባል።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። ፒያሳ ስትፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብራ ሄደች፤ እነሱም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገቡ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማይኩ ሲከፈት ባዶ ጋን ውስጥ እንደሚናገር ሰው ድምፁ ብቻውን መጣ።

«ማይክ ቀየርክ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ያው ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆነ? ምንም አይሰማም።»

«ምን እንዲሰማህ ነው የምትፈልገው? እየሰማኸኝ አይደል?»

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ለአንድ ወር ያህል ስነጫነጭ ከረምኩ። ኔትወርኩን ሰደብኩ፣ ጆይስቲኩን ሰደብኩ፣ ባለቤቴ የሠራችውን ሽሮ ሳይቀር ሰደብኩ፤ ለሽሮው በዚያው ሌሊት ቅጣቴን አግኝቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ግን «ሞቆኛል» ብሎ መስኮቱን ከፈተ። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ ከታች፣ ከሁለተኛ ፎቅ ይሁን ከሦስተኛ፣ ዱም... ዱም... ዱም። ቡና የምትወቅጥ ሴት ናት። ዘነዘናው የሚወርድበትን ልክ አውቀዋለሁ፤ ሲደቅ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ጣቶቼ ቆሙ።

«ጋሼ! ገባብህ እኮ! በረኛህ ተኝቷል!»

«ይግባ። መስኮቱን እንዳትዘጋው።»

5 ለ 0 አለቀ። ዘጠናውም ደቂቃ መብራት እልም ሳይል።