መርፌው ሌላ ሰው እንዲወጋ ከፈለጋችሁ

ደም ቀድታችሁ ስትጨርሱ ክዳኑን መልሳችሁ መርፌው ላይ ግጠሙት። በሁለት እጅ፣ በችኮላ፣ በር ላይ የተሰለፈውን ሕመምተኛ እያያችሁ። ክዳኑ ጠባብ ነው፤ መርፌው ትንሽ ሳት ካለ የሚያገኘው ጣታችሁን ነው። የእናንተን ጣት ባያገኝ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ከዚህ በኋላ መርፌው የሚደርስበት እጅ ብዙ ነው።

ቢጫዋን ሴፍቲ ቦክስ እስከ አፏ ሙሏት። ባለ 5 ሊትሯ 100 ያህል ሲሪንጅ ትይዛለች፤ ሦስት አራተኛ ስትሞላ ተዘግታ መነሣት ነበረባት። ሌላ ከስቶር ለማውጣት ግን ፎርም መሙላት፣ ማስፈረም አለ። ስለዚህ በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ከዚያ በላይ እምቢ ስትል ላንሴቱንም፣ የተሰበረውንም ስላይድ ከጥጥና ከጓንት ጋር ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተቱት።

ፌስታሉን የምታነሣው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ምክሩ የሚሰምረው እሷ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ተከተሉኝ። ሥልጠና ሲመጣ ስሟን አትጻፉ። ጓንት ስትጠይቅ ስሱን የምርመራ ጓንት ስጧት፤ መርፌ ይበሳዋል። ፌስታሉ እንዳይቀደድባት ከሥሩ በእጇ ደግፋ፣ ጭኗ ላይ አስጠግታ ትሸከመዋለች። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ይቅርባት። ቫይረሱ ያለበት መርፌ ያልተከተበ ሰው ሲወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በኤችአይቪ ግን 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሁላችንም የምንፈራው ሁለተኛውን ብቻ መሆኑ ያንገበግበኛል፤ ክትባት ያለው ለመጀመሪያው ነውና።

የተወጋች ቀን «ለምን አልተጠነቀቅሽም?» ብላችሁ ተቀበሏት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እንጀራዬን አጣለሁ ብላ ዝም ካለች ሰዓቱ ያልፋል፤ እናንተም ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም።

ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን አውቶክሌቭ ሳታደርጉ ጣሉት፤ በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ማን ይጠብቃል? በቀረው ሁሉ ላይ በረኪና ድፉ። ቫይረስ ለመመርመር ናሙና የሚዘጋጅበት፣ ጓኒዲን ያለበት ፈሳሽ ላይም ጨምሩ፤ በረኪና ሲነካው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ይተነፍሰዋል።

ማቃጠያው ከተበላሸ ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሩና ናፍጣ አርከፍክፋችሁ ለኩሱ። በደህና ማቃጠያ ሁለተኛው ክፍል ከ850 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የናንተ እሳት እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ፕላስቲኩ ግማሹ ቀልጦ ይቀራል፣ ግማሹም ዳዮክሲን ያለበት ጭስ ሆኖ ወደ መንደሩ ይሄዳል። መርፌው ብረት ነውና ጠቁሮ ይተርፋል፤ ስለቱም አብሮት። የጉድጓዱን አጥር አትጠግኑ። ሲሪንጅ ውሃ መርጫ ሆኖ እንደሚያገለግል ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁ ልጆች በሰፈሩ አሉ።

ማቃጠሉ ከሰለቻችሁ ሁሉንም ቀላቅላችሁ ለማዘጋጃ ቤቱ መኪና ስጡ። የጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማው ከቤት ቆሻሻ የማይለይ ነው፤ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትራፊ። መርፌ ሲገባበት ግን አንዱንም በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። አዲስ አበባ ቆሼ ላይ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች በባዶ እጃቸው ነበር የሚያገላብጡት፤ ፌስታሉን ሲፈቱት ከየትኛው ላቦራቶሪ እንደመጣ የሚነግራቸው አልነበረም።

ሱፐርቪዥን የሚመጣ ቀን ጥቁሩንና ቢጫውን ባልዲ ከስቶር አውጥታችሁ ደርድሩ፤ መመሪያውን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ መዝገቡን አሟሉ። የጽዳት ሠራተኛዋን ግን ለጥያቄ አታቅርቡ። የትኛው ፌስታል ውስጥ ምን እንዳለ ከግቢው ሰው ሁሉ አጥርታ የምታውቀው እሷ ናት፤ ከጠየቋት ትናገራለች።