«ራሴን ችያለሁ፤ ዕቃው ከቻይና እስኪደርስ ነው»

የሰፈራችን ልጅ ከሱቅ ኤሌክትሮኒክስ አልገዛም ብሎ ከማለ ሰነባበተ። የበሩን ደወል ራሱ ሠራው፣ የእጅ ባትሪውን ራሱ ሠራው፣ የቤቱን ሬዲዮ ራሱ ፈታው። መግጠሙ ገና ነው። ክፍሉ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ከመብዛቱ የተነሳ እንግዳ ሲገባ በር ላይ የሚተወው ጫማውን ሳይሆን ኑዛዜውን ነው።

ስልኬን ከሱቅ በገዛሁት ቻርጀር ስሰካ አየኝና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ዛሬም ትገዛለህ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ራሴን ችያለሁ!»

«እናትህ ሰምተዋል? ቅድም ምሳህን በትሪ ይዘው ሲገቡ ስላየኋቸው ነው።»

አልከፋውም። ከመሳቢያው አንዲት ሰማያዊ ቦርድ አወጣና መዳፌ ላይ አኖራት። አርዱዪኖ ትባላለች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ቦርዷም የእነሱው ናት።) በ2005 በሰሜን ጣሊያን ኢቭሪያ ከተማ፣ አንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ውስጥ ማሲሞ ባንዚና ባልደረቦቹ ናቸው ያወጧት። መሐንዲስ ያልሆነ ተማሪ ሳይፈራ እንዲነካካት፣ ቢያቃጥላትም ኪሱ አብሮ እንዳይቃጠል ታስባ ተሠራች። ከሥሯ ደግሞ ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ እዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ የሠራው «ዋየሪንግ» አለ፤ ስለ ቦርዷ የሚያወራ ሁሉ እሱን መጥቀስ ስለሚረሳ እኔ ልጥቀሰው። ስሟ የመጣው ከከተማው መጠጥ ቤት ነው፤ የመጠጥ ቤቱ ስም ደግሞ ከንጉሥ አርዱዪን። ንጉሡ በ1002 የጣሊያንን ዘውድ ጫነ፣ በ1014 መንበሩን ለቀቀ። ከሺህ ዓመት በኋላ ስሙ በ16 ሜጋኸርትዝ ፍጥነት የሰፈራችንን ጤና አዳም ያጠጣል።

አዎ፣ የልጁ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው፤ አፈር ሲደርቅ አውቃ ውሃ የምታዝ ቦርድ። በየአገሩ አርዱዪኖ የገዛ ሁሉ አምፖል ካብለጨለጨ በኋላ የሚሞክረው ይህንኑ ነው።

«ከእንግዲህ ውሃ ማጠጣት አልረሳም» አለኝ።

«ድሮ ትረሳ ነበር?»

«የረሳሁት ይህን ስሠራ ነው።»

አሠራሯን አስረዳኝ። ባለ ሁለት ጥርስ ሴንሰር አፈር ውስጥ ይሰካል፤ እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ደረቁ ይይዛል፤ ቦርዷ ልዩነቱን ታነባለች። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ያለ ዕረፍት ሲያልፍ ጥርሱን ይበላዋል። ሳምንታት ሳይቆይ ብረቱ ያልቃል።

«ስለዚህ ውሃ እንዲለካ ያመጣኸው ዕቃ ውሃ አይስማማውም?»

«ኤሌክትሪኩን ስታነብ ብቻ ነው የምትሰጠው፤ ቀኑን ሙሉ ስጥ ማን አለህ? ያለዚያ ብረቱ የተሸፈነውን፣ ካፓሲቲቭ የሚሉትን መግዛት ነው።»

«መግዛት?»

ጆሮውን አከከ። ወደ ፓምፑ ዞርን።

«ቦርዷ አፈሩ ደርቋል ስትል ፓምፑን ታዛለች።»

«ፓምፑስ?»

«ቧንቧውን።»

«ቧንቧውስ?»

«የእኛ ፈረቃ ሐሙስ ነው።»

ራስን መቻል እስከ ጥግ ቢሄዱበት የት እንደሚያደርስ የሞከረ ሰው አለ። ቶማስ ትዌይትስ ይባላል፤ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተማሪ ሳለ የዳቦ መጥበሻ ቶስተር ከባዶ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ከባዶ ሲል ከማዕድኑ ጀምሮ ማለቱ ነው። መጀመሪያ 3 ፓውንድ ከ94 ፔኒ የሚሸጥ ርካሽ ቶስተር ገዝቶ ፈታው፤ ከ400 በላይ ክፍልፋይ ወጣው። ለብረቱ ሥራ ያቆመ የማዕድን ጉድጓድ ድረስ ሄዶ ድንጋይ አመጣ፣ ድንጋዩንም በማይክሮዌቭ አቀለጠው። ማይክሮዌቩ የሱቅ ነበር። ለመዳብ ዌልስ ወረደ፣ ለማይካ ስኮትላንድ ወጣ። ወጪው ሲደመር 1187 ፓውንድ ከ54 ፔኒ ሆነ፤ በዚህ ገንዘብ የሱቁን ዓይነት 300 ቶስተር ይገዛ ነበር። የቤት ሶኬት ላይ ሲሰካው ለጥቂት ሰከንድ ጋለና ራሱን አቀለጠ። ዳቦው ሳይሆን ባለቤቱ ተጠበሰ።

ይህን ስነግረው የሰፈራችን ልጅ ፊቱ በራ።

«አየህ፣ እኔ ከእሱ እሻላለሁ!»

«በምን?»

«እኔ ማዕድን አልቆፍርም። ከቻይናዋ ሸንዘን አዝዣለሁ፤ መንገድ ላይ ነው።»

«ታዲያ ራስህን የምትችለው መቼ ነው?»

«ዕቃው ሲደርስ።»

ማንም ተረበኛ እዚህ ላይ አሸነፍኩ ብሎ ይነሳል። እኔም ተነስቼ ነበር።

«ቁጭ በል» አለኝ። «ራሴ እሠራለሁ አልኩህ እንጂ ብቻዬን እሠራለሁ መቼ አልኩህ?»

መልስ ሳጣ ቦርዷን ገለበጥኳት። የአርዱዪኖ ስም የለባትም።

«ይቺ ፎርጂድ ናት!»

«አይደለችም። ንድፉን መቅዳት ፈቅደዋል፤ የከለከሉት ስማቸውን ነው። ስማቸውን ለጥፎ የሚሸጥ ፎርጂድ ይባላል፤ ይቺ በራሷ ስም ነው የወጣችው።»

ልክ ነው። የሰርኪዩቱ ንድፍ የወጣው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው፤ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሠርተህም ሽጥ፤ ከማን እንደወሰድክ ግን ተናገር፣ የለወጥከውንም በዚያው ፈቃድ ክፈት ይላል። ቻይኖቹ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘውን ቺፕ ሲኤች340 በሚባል ርካሽ ቺፕ ተክተው ዋጋዋን አወረዱት። የሰፈራችን ልጅ ኪስ የቻላት በዚህ ነው።

አንድ ጥይት ቀርቶኝ ነበር። «በ2025 ኳልኮም የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ሠሪ አርዱዪኖን ልገዛ ነው ማለቱን ሰምተሃል? ራስህን የቻልክባት ቦርድ ራሷን አልቻለችም!»

«ኩባንያውን ይግዛ። ታትሞ የወጣውን ንድፍ ማን ይመልስለታል? ከአፍ የወጣ አፋፍ አይደል እንዴ!»

ይቺን መቀበል ነበረብኝ። ክፍት ንድፍ ይዞ ያደገን ኩባንያ መግዛት ቀድሞም ታይቷል፤ ታሪኩን ከሥሩ ልጀምረው። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር አድሪያን ቦውየር በ2005 የራሷን ክፍሎች የምታትም ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ እሠራለሁ ብሎ ሬፕራፕን ጀመረ፤ በ2008 የመጀመሪያዋ ማሽን የልጇን ፕላስቲክ አካላት አተመች።

«ራሷን ወለደች እኮ!» አለ ልጁ።

«ሞተሯንስ?»

«ሞተሩ፣ የብረት ዘንጉና ቦርዱ ይገዛል።»

«ይኼማ ጥሎሽ ጠየቀች እንጂ ወለደች አይባልም።»

ከዚያ ዘር የበቀለ ሜከርቦት የሚባል የብሩክሊን ኩባንያ በ2009 ተከፈተ። ንድፉን ከፍቶ፣ ከየአገሩ ሰው ያዋጣለትን ማሻሻያ እየተቀበለ አደገ። በ2012 አዲሱን ማሽን ዘጋው፤ በ2013 ስትራታሲስ የተባለ ኩባንያ በ403 ሚሊዮን ዶላር አክሲዮን ጠቀለለው። በነፃ ያዋጡት ሰዎች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም፤ ዕቁብ ጥለው ዕጣው ለዳኛው ብቻ ወጣ። ዘሩ ግን አልጠፋም። ፕራግ ውስጥ ዮሴፍ ፕሩሻ ያንኑ ክፍት ንድፍ ይዞ ቀጠለ። በ2013 ቶጎ፣ ሎሜ ከተማ ኮጆ አፋቴ ኚኩ የተባለ ሠሪ አብዛኛውን ክፍል ከተጣለ ስካነርና ፕሪንተር ፈልቅቆ አንዲት ማተሚያ ገጣጠመ። ሁሉን ከሸንዘን ሳይጠብቅ! የሎሜውን ሰው መርካቶ ብታመጡት ምናለሽ ተራ ላይ መንገድ አይጠፋውም፤ እዚያ ቆራሌው ያመጣው ብረት ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሠራበት አይወጣም።

እንዲህ ስንባባል ከበር ላይ «ምጣድ የሚጠገን!» የሚል ድምፅ መጣ። የልጁ እናት አስገቧቸው። ጋሼ ምጣዱን ገለበጡት፣ ጄሶውን ፈነቀሉት፣ በቴስተራቸው የተበጠሰውን ሬዚስታንስ አገኙት። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይህን ንድፍ ማን ሰጠዎት?»

«ማን ከለከለኝ?»

የዕለቱ ተረብ እዚያው አበቃ ማለት ይቻላል። አገራችን ውስጥ ክፍት ሆኖ የኖረ ማሽን ቢባል የኤሌክትሪክ ምጣዱን የሚቀድመው አላውቅም። ሸክላው ከሥሩ ዙሪያውን እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቦይ አለው፤ ቦዩ ውስጥ ሬዚስታንሱ ይተኛል፤ ጄሶ ይሞላበታል፤ ከላይ ክዳን፣ ከታች የብረት እግር። ከ3 ኪሎዋት በላይ እየጎተተ እንጀራ ያወጣል፤ ሲበራ የሰፈሩ አምፖል ይደበዝዛል። ሚስጥራዊ ብሎን የለበትም፣ «ከከፈትክ ዋስትናህ ቀረ» የሚል ወረቀት የለበትም። የከፈተው ይማረዋል፣ የተማረው ይሠራዋል፣ የሠራው ይሸጠዋል። ከ2012 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ የክፍት ሃርድዌር ማኅበር አለ፤ ክፍት የሚባለው ማንም ሊያጠናው፣ ሊለውጠው፣ ሊሠራው፣ ሊሸጠው ሲችል ነው ይላል። ጋሼ የማኅበሩን ስም ሰምተው አያውቁም፤ ሥራውን ግን ይዘውታል።

ልጁ ደፈር አለና ያቆመበትን የበር ደወል አምጥቶ ዘረጋላቸው። «ጋሼ፣ ይህንንስ?»

ጋሼ አገላበጡት። ሳጥኑ በትኩስ ሙጫ ተደፍኗል። ሽቦው ሁሉ ቀይ ነው።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ወረቀቱ የታለ?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።»

«እንግዲህ ጭንቅላትህን ይዘህ ና፤ ያኔ እንጠግነዋለን።»

እኔ ሙሉ ቀን ታግዬ ያላገኘሁትን ጋሼ በአንድ ትንፋሽ አገኙት። በእጅ መሠራት ብቻውን አንድን ዕቃ ክፍት አያደርገውም። በሙጫ የተደፈነው የሰፈራችን ደወል ባትሪው ተጣብቆ ከሚሸጠው ስልክ በምንም አይለይም፤ ሁለቱም ሲሞቱ ጠጋኙን ደጅ ያስቀምጡታል። ስልኩ ቢያንስ ካሜራ አለው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዕቃው ከሸንዘን እስኪደርስ ድረስ ሥራ ልስጥህ። ሙጫውን ፍቀህ ሳጥኑን በብሎን እሰረው። ቀይ ሽቦ ለፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ለኔጋቲቭ ይሁን። የሰርኪዩቱን ንድፍ በአንድ ወረቀት ሥለህ ክዳኑ ውስጥ ለጥፍ፤ የትኛው ቺፕ እንደሆነ፣ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ፣ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታየው ምኑ እንደሆነ ጻፍበት። በአማርኛ ጻፈው፤ ጋሼ ማንበብ አያቅታቸውም።