የኖርዌጂያን ምጣድ

ሌክ ስትሪት፣ ሚኒያፖሊስ
ጥር 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

በስልክ «የምትኖረው ሐይቅ ዳር ከሆነ ከወባ ተጠንቀቅ» ብለሽኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌክ ማለት ሐይቅ ነው ብዬ የተረጎምኩልሽ እኔው ነኝ። ሐይቁ ያለው በመንገዱ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። ብዴ ማካ ስካ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ዳኮታዎች ናቸው፤ ከኔ ቤት በአውቶቡስ ይኬዳል። አሁን ወባ ቀርቶ ዝንብ የለበትም፣ ውሃው ድንጋይ ሆኗል። ሰዉ ላዩ ላይ ይንሸራሸራል፤ ቀዳዳ ሰርስሮ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። ይህን ለንስሐ አባታችን እንዳትነግሪያቸው። ጴጥሮስ እንኳ ጥቂት ተራምዶ መስጠም የጀመረበትን ነገር እዚህ ሰው ውሻውን እየሳበ ይሻገረዋል።

የደብረ ብርሃን ልጅ እንዴት በብርድ ያማርራል እንዳትይኝ። የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል፤ የዚህኛው ከፀሐይዋ ጋር ተስማምቶ አብሯት ይውላል።

«ማን ይጋግርልሃል?» ላልሽው፣ እኔው ነኝ። አትሳቂ። የመጀመሪያው ሊጥ ሁለት ቀን ሙሉ አልቦካም ብሎ በጃኬቴ ጠቅልዬ ማሞቂያው ሥር አስተኛሁት። በሦስተኛው ሌሊት ተነሣና ምንጣፉ ላይ ወረደ። ያንን ጃኬት ለብሼ አውቶቡስ ስሳፈር እስካሁን አጠገቤ የሚቀመጥ የለም።

ምጣዱማ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት «የኖርዌጂያኖቹን ግዛ» አሉኝ። ለካስ ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ የሚሉት ከድንች የሚጋገር ስስ ቂጣ አላቸው። መጋገሪያው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ አክምባሎ የለውም እንጂ ቁርጥ የኛ። ብዙ ሐበሻ ቤት ገብቼ ያየሁትም ይኸንኑ ነው። ሌክ ስትሪት ላይ ኢንገብሬትሰን የሚባል የስካንዲኔቪያ ዕቃ መደብር አለ። የተከፈተው በፈረንጅ 1921 ነው፤ ተፈሪ መኮንን ገና ራስ ሳሉ ማለት ነው። እኔም ምጣድ ልገዛ ገብቼ፣ የእጅ ሥራም ያስተምራሉ ሲባል፣ ለሹራብ ትምህርት ተመዝግቤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው እንጀራ አንድም ዓይን አላወጣም። አብሲቱን ረስቼ ነው፤ አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ። ሁለተኛው አወጣ፤ የሚያየኝ ግን በትዝብት ነበር። ወጡ ይሻላል። ችግሩ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ኮርኒሱ ላይ ያለችው የጭስ ደወል ትጮኻለች። ፊት ጎረቤቶቼ ደንግጠው ይወጡ ነበር። አሁን ግን ሜክሲኳዊቷ ጎረቤቴ ደወሉን ስትሰማ ሳህን ይዛ ትመጣለች።

ሹራቡ ያንቺ ነው። አንዱ እጅጌ አልቋል፤ ሁለተኛው እያጠረ ሄዶ የሕፃን ሆኗል። አንቺ እንዝርት ስታሾሪ እግርሽ ሥር ተኝቼ ያደግሁት ልጅ የሱፍ ክር በዶላር ስገዛ የመንዝ በጎች ቢያዩኝ ምን ይሉኝ!

ሩጫውን ስነግርሽ «ማን አባሮህ?» አልሽ። ማንም። ከሌክ ስትሪት ትንሽ በስተሰሜን ዝቅ ብሎ የተቆፈረ የድሮ የባቡር መስመር አለ። ሚድታውን ግሪንዌይ ይሉታል፤ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፣ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መከራዬ ኢትዮጵያዊ መሆኔ ነው። አገሬን ስነግራቸው ዓይናቸው ወደ እግሬ ይወርዳል፤ ምሥጢሩን ንገረን ይሉኛል፤ «ጤፍ ነው» እላለሁ። ከዚያ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ሰላምታ ሰጥተውኝ ያልፉኛል። አንዳንዴ የምዘገየው በወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ በጆሮዬ እየሰማሁ ስለምሮጥ ጉዱ ካሣ በመጣ ቁጥር ቆሜ እስቃለሁ። የሚያየኝ ፈረንጅ ደግሞ መንገዱን ይለውጣል።

አምና መስከረም ከማራቶኑ ጋር የሚካሄደውን የ16 ኪሎ ሜትር ውድድር ልሮጥ ተመዝግቤ ነበር። መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ሁሉም ተሰረዘ የሚል መልእክት መጣ። ምክንያቱ? ሙቀት! ሐይቅ እንደ ድንጋይ የሚረግጥ ሕዝብ ሙቀት ፈርቶ ቀረ። ለሰው አዘንኩ ብያለሁ፤ ላንቺ ግን አልዋሽም፣ ሻማ አብርቻለሁ።

መጽሐፍም አነባለሁ። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዘግይቶ ለመለሰ ቅጣት አይጥልም፤ ከፈረንጅ 2021 ወዲህ ቀርቷል። እግረ መንገዴን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አልጋዬ ሥር ካለ ታናሼ ቶሎ ይመልስልኝ፤ እዚያ ምሕረት የወጣ አይመስለኝም።

የሚመጣ ሰው ካገኘሽ በርበሬና ጎመን ዘር ላኪልኝ፤ ማሰሻዬ አልቆ ምጣዱን በዘይት እያሰስኩት ነው። ሰፌድም ቢሆን… ቆይ፣ ደወሏ ጮኸች፤ ሽንኩርቱን ጥጄ ነው ለካ የምጽፍልሽ። ሴትዮዋም ሳህኗን ይዛ በሩን እያንኳኳች ነው።

ልጅሽ