ልጅን በክፍያ ጨዋ የማድረግ ጥበብ

የኤቲኬትና የዳንስ ኮርስ ማለት ወላጅ በቤቱ በነጻ ማስተማር ያሳፈረውን ነገር ሌላ ሰው በገንዘብ እንዲያስተምርለት ልጁን የሚልክበት ሥርዓት ነው። በአዲስ አበባ ትምህርቱ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የገበታ ክፍል ሲሆን ሹካን በግራ፣ ቢላን በቀኝ መያዝን ያጠናል፤ ሁለተኛው የእግር ክፍል ሲሆን በቫልስና በታንጎ መሽከርከርን ያጠናል። የደቡብ ጎንደር ደጋ ልጅ ግን ይህ ዕድል በቅጡ ስላልደረሰው ለጊዜው ያለ ሰርተፍኬት ጨዋ ሆኖ ለማደግ ተገድዷል።

ትምህርቱ በአውሮፓ ረጅም ታሪክ አለው። የሮተርዳሙ ኤራስመስ እ.ኤ.አ. በ1530 ለልጆች ባሳተመው የጨዋነት መጽሐፍ አፍንጫን በእጅጌ መጥረግ ነውር መሆኑን አስታወቀ፤ በገበታ ላይ የሚሰጥ ምግብ በሦስት ጣት እንዲወሰድም መከረ። በዚያ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ልጆች የደቡብ ጎንደሩ የፋርጣ ገበሬ ልጅ እንጀራ ሲቆርስ የሚያሳየው ደረጃ ላይ ለመድረስ ይጣጣሩ ነበር ማለት ነው። ሹካም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛ ከጣሊያን ሹካ ለምዶ በመመለሱ አንድ ወዳጁ እንደቀለደበት እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ገልጿል። ቫልስ ደግሞ ከኦስትሪያና ከደቡብ ጀርመን ገበሬዎች ጭፈራ የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1816 የእንግሊዝ ልዑል ባዘጋጀው ግብዣ ላይ ሲጨፈር ዘ ታይምስ ጋዜጣ ነውረኛ ብሎ አውግዞታል። የዛሬው ወላጅ እንግዲህ ልጁ ከባላገርነት እንዲላቀቅ የባላገር ጭፈራ ያስተምረዋል። ባላገሩ የኦስትሪያ መሆኑ ግን ክፍያውን ተገቢ ያደርገዋል።

የገበታው ክፍል ዋና ዋና ትምህርቶች የሚከተሉት ናቸው፦ ታላቅ ሲገባ መነሣት፣ ሌሎች ሳይጀምሩ አለመጉረስ፣ አፍ ሞልቶ አለመናገር፣ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ። እነዚህ ለደቡብ ጎንደሯ ከተማ ለደብረ ታቦር ልጅ ፍጹም እንግዳ ሊሆኑበት ይችላሉ፤ ኮርስ መሆናቸውን ሰምቶ አያውቅምና። እሱ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር!» ማለትን፣ «በእግዜር» የሚለውን መልስ ሳይሰማ አለመቀመጥን ነው። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በአንድ እጁ ኩስኩስት በሌላው ማስታጠቢያ ይዞ ከታላቅ ወደ ታናሽ ያስታጥባል። የሚሰጡትን በሁለት እጁ ይቀበላል። «አንቱ» የሚባለውንና «አንተ» የሚባለውን ሳይነግሩት ይለያል። ለዚህ ሁሉ ሥልጠና የሚጠየቀው ክፍያ አልፎ አልፎ ቁንጥጫ ስለሆነ፣ እንደ ትምህርት ለመቆጠር የሚያበቃ ክብር አላገኘም።

የእግሩ ክፍል በደብረ ታቦር ላይ ከበድ ያለ ችግር ይገጥመዋል፤ ከተማዋ በአቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዜማና የእንቅስቃሴ ሥርዓት ትምህርት ስሟ የተጠራ ናትና። በትውፊት እንደሚነገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የፎገራ ናበጋው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና፣ የጣናን ማዕበልና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ደንገል አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን አንቀበልም ሲሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም በደብረ ታቦር አስፋፋው። «የተክሌ አቋቋም» የሚባለው ይህ ነው። ሊቁ በቀልዳቸውና በሽሙጣቸው አገር ያወቃቸው ሲሆኑ፣ ከዛሬ ወላጅ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ከባድ ጉድለት ይታይባቸዋል፦ ልጃቸውን ወደ አስከፋይ ተቋም በመላክ ፈንታ ራሳቸው ቁጭ ብለው አስተምረዋል።

ሊቃውንቱ አቋቋምን አገልግሎት እንጂ ዳንስ አይሉትም፤ የሚያሠለጥነው ግን ያንኑ እግር፣ ያንኑ ትከሻና ያንኑ ጆሮ ነው። ተማሪው መቋሚያውን ከዜማው ጋር ያወዛውዛል፣ ጸናጽሉን በልክ ያንሿሿል፣ ከበሮው ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሸጋገር ሳይደናገር ይከተላል። ከዝማሜ እስከ ወረብ ያለውን ለመጨረስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚያ በፊትም ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ንባብና ዜማ መማር አለበት። በጥቂት ቅዳሜዎች የሚያልቀው የቫልስ ኮርስ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል የሚያሰኘው መስተዋት ያለው አዳራሽ ስላለው ነው።

የውጭ ጥበብ መማር በራሱ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በሚገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. በተራራና በገደል አስጎትተው መቅደላ አደረሱት። ንጉሡ ከፈረንጅ የፈለጉት አገራቸው ያጣችውን ነበር። የዛሬው ደንበኛ ከዚህ ኋላ ቀር አሠራር ተላቅቋል፦ የሚገዛው ቤቱ የነበረውን፣ እሱ ራሱ ባላገር ያስመስላል ብሎ የጣለውን ነው።

የኮርሱ ውጤት በከተማ ሰርግ ላይ ይታያል። ሙሽሮቹ በፈረንጅ ሙዚቃ ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ሚዜዎች ያጠኑትን እርምጃ ይቆጥራሉ። «ፕሮግራም ነው» ተብሎ የሚጠበቀው ይህ ክፍል ሲያልቅ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ እስክስታ ይገባል። በሌላ በኩል ለቅሶ ቤት አገባብ፣ ለሐዘን ነጠላ ማዘቅዘቅ፣ የአያት ጉልበት መሳም፣ የታመመ ጎረቤት መጠየቅ በሥርዓተ ትምህርቱ አልተካተቱም፤ ለእነዚህ መስተዋትም ሹካም አያስፈልግም።

ስለዚህ ኮርሱን የጨረሰ ልጅ አምስት ኮከብ ሆቴል ውስጥ በየትኛው ማንኪያ ሾርባ እንደሚጠጣ ያውቃል፤ ክረምት ላይ ደብረ ታቦር ሲወሰድ ግን አያቱ ሲገቡ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የተከፈለለትን ተምሯል። ያልተከፈለበትን የማስተማር ግዴታ ያለባቸው ወላጆች የሚሠለጥኑበት ኮርስ ገና አልተከፈተም። የሚከፈት ከሆነም ክፍያው ወደድ ይበል፤ ርካሽ ከሆነ ተመዝጋቢ አያገኝም።